ለእህቴ ላርግዝላት ብዬ ባለቤቴን የልጇ አባት ላደርገው ነበር

ነገሩ ወዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት ስትወልድ ደም አልቆም ብሏት ማህፀኗ ወጣ፣ ልጁም አልተረፈም። ከዛ ወዲህ ይሄ ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሳም፣ እማዬ እንኳን የምትለው ሲጠፋት ዝም ብላ ፀጉሯን ነው የምትዳብሳት። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ልጆቼን አስተኝቼ ሁለታችን ብቻ ስንቀር እሷው ራሷ ጀመረችው። ዶክተሮቹ እንቁላል ማምረቻሽ ደህና ነው አሉኝ፣ እንቁላሉ አለኝ፣ የሌለኝ የሚቀመጥበት ብቻ ነው አለችኝ። "የሚቀመጥበት" ስትል አንጀቴን በላችው። እኔም ሳላስብ፣ እውነቴን ነው ምንም ሳላስብ፣ እኔ ጋ ይቀመጣላ አልኳት።

በቃ እንደዚህ ነው የተጀመረው። አለቀስን፣ ከዛ ሳቅን፣ ከዛ መቼ ይሁን ማለት ጀመርን፣ ስለ ህግ አንድ ቃል ያነሳ የለም። ደሞ ምን ህግ አለው፣ እህቴ ናት፣ እንቁላሉ የሷ፣ ዘሩ የባሏ፣ እኔ ዘጠኝ ወር አቆይቼ አስረክባለሁ፣ አለቀ። (የት አገር እንደምንኖር አልጽፍም፣ የእህቴ ጉዳይ ስለሆነ ሰው ደምሮ ቀንሶ እንዳይደርስባት። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጆቹ ነው የማስቀምጠው።)

መጀመሪያ ግን ቃሉን ላንሳው ምክንያቱም ያበሳጨኛል። ሰሮጌሲን በአማርኛ ሰርች ስታደርጉ "የማህፀን ኪራይ" የሚል ነው የሚመጣላችሁ። ኪራይ ማለት እኮ ተከራዩ ሲወጣ ቤቱ እንደነበረ የሚቀር ነገር ነው፣ ቢበዛ ቀለም ይቀባል። እኔ ሁለቴ ወልጃለሁ፣ እንደነበረ የቀረ ነገር የለኝም። ሌላው ደግሞ "ተተኪ እናት" ይላል፣ ማንን ነው የምተካው? እህቴ አለች እኮ። ቋንቋችን "ላት" የምትል ነገር ስላላት ይመስገን፣ እኔ የማውቀው "አረገዘችላት" የሚለውን ነው፣ ማን ለማን እንደሆነ እዛው ቃሉ ውስጥ አለ።

ነገሩ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ይሄ ልዩነት ኋላ ህጉ ላይ ስለሚመጣ ያዙልኝ። የድሮው የምታረግዘው ሴት በራሷ እንቁላል የምታረግዝበት ነው፣ ሣራ መውለድ ሲያቅታት አጋርን ለአብርሃም የሰጠችው ዓይነት (አጋርን ማን ጠየቃት ብላችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዘንድሮ ነው ያሰብኩት)። አዲሱ ደግሞ አይቪኤፍ ከመጣ በኋላ፣ ማለትም የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ 1978 ከተወለደች በኋላ የተቻለ ነው፣ እንቁላሉና ዘሩ ላብራቶሪ ውስጥ ተገናኝቶ ፅንሱ ሌላ ሴት ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል፣ ተሸካሚዋ ከልጁ ጋር የዘር ግንኙነት የላትም። የኛ ይሄኛው ነው። ስለዚህ ዲኤንኤ ቢመረመር ልጁ የእህቴና የባሏ ነው፣ እኔ አክስት ነኝ። ይሄ ግልጽ ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዛ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ህግ ዲኤንኤ አይጠይቅም። ብዙ አገር ውስጥ እናት ማለት የወለደችው ናት፣ ነጥብ። ህጉ ሲጻፍ የወለደችውና እንቁላሉን የሰጠችው ሴት ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ ምስክር የማያስፈልገው እናትነት ብቻ ነበር፣ ማን አማጠች፣ ማን ወለደች፣ ሁሉም ያየዋል። ጭቅጭቁ ሁሌ አባት ላይ ነበር። አባት ላይ ደግሞ ህጉ ለራሱ አቋራጭ አዘጋጅቷል፣ ያገባች ሴት ከወለደች አባትየው ባሏ ነው ተብሎ ይገመታል።

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩትና ጎኔ የተኛውን ባለቤቴን አየሁት። ያንኮራፋል። ስለምንም ነገር አያውቅም። የዋርሳው ልጅ አባት ሊሆን ነው።

እንግሊዝን ብትወስዱ ለምሳሌ፣ ያረገዘችው ሴት ከልጁ ጋር ምንም የዘር ግንኙነት ባይኖራትም ሲወለድ ህጋዊ እናቱ እሷ ናት፣ ካገባች ደግሞ ባሏ አልተስማማሁም ካላለ በስተቀር ሁለተኛው ወላጅ እሱ ነው። አስረገዝን የሚሉት፣ ማለትም የሚረገዝላቸው ባልና ሚስት፣ ልጁ ከተወለደ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደው ወላጅነቱን የሚያዛውር ትዕዛዝ ማውጣት አለባቸው፣ ማመልከቻው በስድስት ወር ውስጥ መግባት አለበት፣ የወለደችው ሴት የምትሰጠው ፈቃድ ደግሞ ልጁ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ከተሰጠ አይቆጠርም። አሪፍ ነው በአንድ በኩል፣ ገና ከወለደች ሴት አልጋ ላይ ፊርማ አትቀበሉ ነው የሚለው። በሌላ በኩል ግን እነዚያን ሳምንታት አስቡት፣ ልጁ እህቴ ቤት ይተኛል፣ ወረቀቱ ላይ ያለነው እኔና ባለቤቴ ነን። መሃል ላይ የተፈራረምነው ውልስ? በ1985 የወጣው ህጋቸው እንደዚህ ዓይነት ውል በፍርድ ቤት አይፈጸምም ይላል። እኔ ሀሳቤን ብቀይር እህቴ ውሉን ይዛ መጥታ ልጄን አምጪ ማለት አትችልም፣ እነሱ ሀሳባቸውን ቢቀይሩ ደግሞ እኔ ልጃችሁን ውሰዱ ብዬ ማስገደድ አልችልም። ወረቀቱ የመተማመኛ ወረቀት ነው በቃ።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዛ በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ፣ ሳነበው ስለ እህቴ የተጻፈ መሰለኝ። ሴትዮዋ ማህፀኗ ወጥቷል፣ እንቁላል ማምረቻዋ ግን ደህና ነው፣ ችግሯን የሰማች ሴት አረገዘችላት፣ መሃል ላይ ተጣሉ፣ ሁለቱም የልጁ እናት እኔ ነኝ አሉ። ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ አንዷ ወልዳለች አንዷ የዘር እናት ናት፣ ሁለቱም በህግ ማስረጃ አላቸው፣ ስለዚህ ይሄ ልጅ እንዲመጣ ያሰበችውና ልታሳድገው የተነሳችው ማናት ብለን እንጠይቅ አለ፣ ለዘር እናቱ ፈረደ። እናትነት በሀሳብ ሆነ ማለት ነው። አሁን እዛ ልጁ ገና ሳይወለድ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይወጣል፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ላይ ከመጀመሪያው የአስረገዙት ስም ነው የሚገባው። አያችሁ፣ ያው ሆድ፣ ያው እንቁላል፣ ድንበር ሲሻገር እናትየው ትቀየራለች።

ለእህቴ ስነግራት ዝም አለችኝ። ከዛ "ልጄን በጉዲፈቻ ልወስድ ነው?" አለችኝ። እኛ ያለንበት አገር አዎ፣ ከዛ ብዙ የራቀ አይደለም፣ የገዛ ልጇን ከታናሽ እህቷ በፍርድ ቤት ነው የምትቀበለው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ኤኒዌይ፣ ጠበቃ እንያዝ ተባለ። ያገኘናት ጠበቃ ፈገግታ የማታውቅ ሴት ናት፣ መጀመሪያ አልወደድኳትም፣ አሁን ግን ከሁሉም በላይ የማምናት እሷን ነው። ገና እንደተቀመጥን እኛ ስለ ፍቅራችን ልናወራት ስንል አቋርጣ ስንት ዓመት ነው ተጋብታችሁ የቆያችሁት፣ ብትፋቱስ አለቻቸው እህቴንና ባሏን። እህቴ ተናደደች። ሴትዮዋ ግን የዋዛ አይደለችም፣ በ2008 ህንድ ውስጥ የተወለደችውን የማንጂን ነገር አመጣች። የጃፓን ባልና ሚስት አስረገዙ፣ ልጅቷ ልትወለድ ጥቂት ሳምንት ሲቀራት ተፋቱ፣ ሚስትየው አልፈልግም አለች፣ እንቁላሉ ከለጋሽ የመጣ ነው፣ ያረገዘችው ሴት ደግሞ ስራዬን ጨርሻለሁ አለች። አስቡት፣ ሦስት እናት ልትባል የምትችል ሴት እያለች ልጅቷ እናት የላትም። አባትየው ልውሰዳት ቢል ህንድ ለብቻው ያለ ወንድ ሴት ልጅ በጉዲፈቻ እንዲወስድ አትፈቅድም፣ ጃፓን ደግሞ የወለደቻት እናት ናት ነው የምትለው። አያትየዋ መጥታ ከልጅቷ ጋር ወራት ከቆየች በኋላ ነው የጉዞ ሰነድ ተሰጥቷት የወጣችው። ጠበቃዋ ይሄን ተናግራ ስትጨርስ፣ ስለዚህ ብንፋታም ልጁ የኛ ነው የሚል እንጽፋለን፣ ማን ዘንድ እንደሚያድግም እንጽፋለን አለች፣ ቀጠለች።

ልጁ ታሞ ቢወለድስ? ይሄንን ስትጠይቅ ማንም ቀና ብሎ አላየም። በ2014 ስለ ጋሚ ዓለም ሁሉ ሲያወራ ትዝ ይለኛል፣ ታይላንድ ውስጥ ለአውስትራሊያ ባልና ሚስት የተረገዙ መንታዎች፣ ወንዱ ዳውን ሲንድረም ነበረበት፣ ሴቷን ይዘው ሄዱ እሱ ካረገዘችው ሴት ጋር ቀረ። ያኔ ሁላችንም ጥለውት ሄዱ ብለን ፈርደን ነበር፣ በኋላ 2016 ላይ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን አይቶ ጥለውት አይደለም የሄዱት፣ ሴትየዋም ልጁን ለማስቀረት ፈልጋ ነበር አለ፣ ይሄኛውን ግን ያወራ ሰው አላየሁም። ታይላንድ ግን አልቆየችም፣ በ2015 ለውጭ ሰው ዘጋችው። ውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ? ጤናው ምንም ቢሆን የነሱ ነው ይጻፍ። ምርመራ ላይ ችግር ቢገኝ ፅንሱ ይቀጥል አይቀጥል የሚወስነው ማነው? እህቴ እኔ አለች፣ እኔም እሷ አልኩ፣ ጠበቃዋ አይደለም አለች። ሰውነቱ የማን ነው፣ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ የሚቀደደው የማን ሆድ ነው? ይሄን በውል አሳልፈሽ ብትሰጪም ማንም ፍርድ ቤት አያስፈጽመውም አለችኝ። እኔ ደግሞ ደግ ሆኜ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

እኔ ብሞትስ? እሷን እኔ ነኝ የጠየቅኳት። የሌላ ሰው እንቁላል ሲሸከሙ የእርግዝና ደም ግፊት የመምጣት ዕድሉ በራስ እንቁላል ከማርገዝ ከፍ ይላል፣ ለዚህም ነው ዶክተሮች አንድ ፅንስ ብቻ እናስገባ መንታ ይቅርብን የሚሉት። ስለዚህ ያልሆነ ነገር አልጠየቅኩም፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሞቼ ወረቀቱ ሳይዛወር ቢቀር ያ ልጅ በህግ የኔ ልጅ ነው፣ ከልጆቼ እኩል ወራሽ ነው፣ ባለቤቴ ደግሞ ቀለብ የሚቆርጥለት አባቱ ነው። እህቴና ባሏ ቢሞቱስ? ያኔ ልጁ የኔ ሆኖ ይቀራል ወይስ የነሱ ወራሽ ነው? ሁለታችሁም ኑዛዜ ጻፉ አለችን። ልጅ ለመውለድ ሄጄ ኑዛዜ ጽፌ ተመለስኩ ማለት ነው።

ሀሳብ መቀየሩን ሁሉም ሰው ስለሚያወራው ብዙ አልቆይበትም። አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በ1986 የተወለደችው ቤቢ ኤም ናት ምሳሌዋ፣ እናትየው በራሷ እንቁላል ነው ያረገዘችው፣ የተዋዋሉበትን አስር ሺህ ዶላር ትታ ልጄን አልሰጥም አለች። በ1988 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሉን ፈረሰ አለው፣ ልጅቷን ለአባትየው ሰጠ፣ እናትየዋን ግን እናት ናት፣ ልጇን የማየት መብት አላት አለ። ከዛ ወዲህ ነው ብዙ ቦታ ተሸካሚዋ በራሷ እንቁላል ባታረግዝ ይሻላል የተባለው።

ለኛ ዓይነቱ የሚያስቀና ህግ ያገኘሁት ደቡብ አፍሪካ ነው። እዛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል፣ መጀመሪያ ፍርድ ቤት፣ ቀጥሎ እርግዝና። ውሉ በጽሁፍ ሆኖ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዶክተሩ ፅንስ ማስገባት አይችልም። የምታረግዘው ሴት ከዚህ በፊት የወለደችና በህይወት ያለ የራሷ ልጅ ያላት መሆን አለባት፣ ባል ካላት ባሏም ይስማማል፣ ክፍያ የለም ወጪዋ ነው የሚሸፈነው። ፍርድ ቤቱ ካጸደቀ ልጁ ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ የአስረገዙት ልጅ ነው፣ የጉዲፈቻ ጣጣ የለም። በራሷ እንቁላል ያረገዘች ከሆነ ደግሞ ከወለደች በኋላ 60 ቀን ድረስ ውሉን የማፍረስ መብት አላት። እርግዝናውን የማቋረጥ ውሳኔም የሷ ነው፣ ማማከር ግን አለባት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንደዚህ ነው። ለምን ሁሉም አገር እንዲህ እንደማያደርግ አልገባኝም።

የእህቴ ባል ደግሞ አንድ ሰሞን ሌላ ሀሳብ መጣለት፣ እሷን ከምናስቸግር ውጭ አገር ሄደን በኤጀንሲ እናስረግዝ አለ፣ እኔን ሊያድነኝ ነው መሰለኝ። ቁጭ ብለን አብረን አነበብን። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ዩክሬን ድንበሯን ስትዘጋ ወላጆቻቸው መግባት ያልቻሉ በአስሮች የሚቆጠሩ አራስ ሕፃናት ኪየቭ ሆቴል ውስጥ በሞግዚት ተደርድረው የሚያሳየውን ቪዲዮ አየን። ህንድ በ2015 ለውጭ ዜጎች ዘጋች፣ በዛው ዓመት ኔፓል፣ በቀጣዩ ካምቦዲያ፣ አንዱ በር ሲዘጋ ነገርየው ወደ ጎረቤት ነው የሚሻገረው። ካምቦዲያ ጭራሽ በ2018 ለሰው ያረገዙትን ሴቶች ራሳቸውን አሰረች፣ የተፈቱት ልጆቹን እናሳድጋለን ብለው ነው። ተመልሶ አገር መግባቱስ? አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ በ2000 ካሊፎርኒያ ውስጥ መንታ ሴቶች ተወለዱላቸው፣ ፈረንሳይ ይሄን ነገር ስለምትከለክል ወላጅነታቸውን አልቀበልም አለች፣ በ2014 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የልጆቹን መብት ጥሳችኋል ብሎ ፈረደባት፣ ነገሩ ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ 2019 ነበር። ልጆቹ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላቸው ሲል! ጣሊያን ደግሞ በ2024 ባሰችበት፣ ዜጎቿ በሚፈቅድ አገር ሄደው ቢያደርጉትም ወንጀል ነው፣ እስራትና እስከ አንድ ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት አለው። ስለዚህ ልጁ የሚወለድበት አገር መፍቀዱ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ይዛችሁት የምትገቡበት አገር ምን ይላል ነው። የእህቴ ባል ላፕቶፑን ዘጋና ይቅርታ አለኝ፣ ምን አጠፋህና አልኩት።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል። ሰው ሁሉ የሚከራከረው እዚህ ጋ ነው፣ በክፍያ ከሆነ የደሃ ሴት ብዝበዛ ነው፣ በነፃ ከሆነ ደግሞ ቅዱስ ነው። ብዝበዛው እውነት ነው፣ አልክድም። የህንድ የ2021 ህግ ክፍያ ከልክሎ ቢያንስ ላረገዘችው ሴት የ36 ወር ኢንሹራንስ ግቡላት ማለቱ ደስ ብሎኛል፣ ጣጣው ሲወለድ እንደማያልቅ የገባው ሰው ነው የጻፈው። ግን በነፃ ሲሆን ጫና የለም ያለው ማነው? እኔን ማንም ሳንቲም አልሰጠኝም፣ እማዬ ግን ከሰማች ጀምሮ በየቀኑ ነው የምትደውልልኝ፣ ድሮ በሳምንት አንዴ ነበር። በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ፣ እህትሽን አደራ። ከህክምናው በፊት ግዴታ የሆነችው የስነልቦና አማካሪ ለብቻዬ አስቀምጣኝ "አሁን ተነስተሽ እምቢ ማለት ትችያለሽ?" ስትለኝ አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩና ድምፅ አልወጣም። ማርገዙን እኮ እፈልጋለሁ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እፈልጋለሁ። ግን ባልፈልግስ ብዬ ሳስብ የእማዬ ስልክ ነው የሚታየኝ። አማካሪዋ የሆነ ነገር ጻፈች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ አለችኝ። ተመለስኩ፣ በሁለተኛው መለስኩላት።

የቀረው ባለቤቴ ነበር። እሱ በሀሳቡ መጀመሪያም ተስማምቷል፣ ያንቺ ሰውነት ነው፣ እህትሽ ናት ብሎኝ ነበር፣ የኔ ጉዳይ አይደለም ማለቱ ነበር መሰለኝ። ጠበቃዋ ግን የሱም ፈቃድ በጽሁፍ ይፈለጋል፣ ምን እንደሚፈርምም በደንብ ይረዳ ብላ አራት ገጽ ሰጠችኝ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ቀስ ብሎ አነበበ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳቀ፣ "የዋርሳዬ ልጅ አባት ነኝ?" አለ። ፍርድ ቤቱ እስኪያዛውረው ድረስ አልኩት። ሳቁን ሳይጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመረ፣ ይሄኛው ረዥም ጊዜ ወሰደበት።

"እሱ ከመሆኑ በፊት ልጁ ቢታመም ሆስፒታል የሚፈርመው ማነው?"

እኔና አንተ አልኩት።

"እህትሽ እዛው ቆማ?"

አዎ፣ እዛው ቆማ።

ወረቀቱን አልፈረመም፣ አልመለሰልኝምም። አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተውና ሐሙስ ጠበቃዋ ጋ ስትሄዱ እኔም እመጣለሁ አለ። እህቴ ሀያ ጊዜ ቴክስት አድርጋልኛለች፣ ምን አለ ምን አለ እያለች፣ ቦርሳው ውስጥ አስገባው ብዬ ብነግራት ምን እንደምትል ስላላወቅኩ እስካሁን አልመለስኩላትም።